የጤና መረጃ ምንጮች ከብሔራዊው የመረጃ መተንተኛ ሥርዓት ጋር የሚናበቡበት አሠራር፦ ለጌዴኦ ዞን ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

በዲላ ከተማም ሆነ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በቡሌና በገደብ ወረዳዎች የሚገኙ የጤና ተቋማት የሰጡትን አገልግሎት የሚያሳውቁት ዲኤችአይኤስ 2 በተሰኘው የመረጃ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የበለጸገና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ ውሏል። መድኃኒት፣ ክትባትና በጀት ለየአካባቢው ሲደለደል ውሳኔ ሰጪዎች የሚመለከቱት በዚሁ ሥርዓት የሚታየውን ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ መረጃው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ሥርዓት አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዘዋወር የምትመዘግበው በቤተሰብ ማህደር ወይም በታብሌት ላይ ነው። የመድኃኒት መጋዘን ክምችት የሚመዘገበው ዳጉን በመሰለ የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው (ስሙ የተወሰደው ከአፋር ሕዝብ ነባር የወሬ መለዋወጫ ባህል ነው)። የወረርሽኝ ቅኝት ደግሞ የራሱ ሳምንታዊ ሪፖርት አለው። እነዚህን የውጭ ምንጮች ከመተንተኛው ሥርዓት ጋር የሚያገናኘው አሠራር የመረጃ ማናበቢያ አገልግሎት ይባላል።

ማናበቢያው አንድን ቁጥር ከማስተላለፉ በፊት ቁጥሩ የየትኛው ተቋም፣ የየትኛው ጊዜና የምን አገልግሎት እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ጤና ኬላዎች እንዳይምታቱ ለእያንዳንዱ ተቋም መለያ ኮድ ይሰጠዋል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት የሚሸፍነው ከአንዱ ወር 21ኛ ቀን እስከ ቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ ሲሆን፣ የወረርሽኝ ቅኝት ሪፖርት ግን ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል። ስለሆነም የአራት ሳምንት ሪፖርት ደምሮ የአንድ ወር ሪፖርት ማድረግ አይቻልም። የኢትዮጵያና የአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ሲታከልበት፣ በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ማናበቢያ የጥቅምትን ክትባት ለኅዳር ሊያስመዘግብ ይችላል።

ከዚህ ባልተናነሰ ሁኔታ ባዶ ቦታና ዜሮ መለየት አለባቸው። ዜሮ ማለት ተቋሙ ክትትል አድርጎ አንድም የኩፍኝ ሕመምተኛ አላገኘም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ግን ሪፖርቱ አልደረሰም ማለት ነው። የኔትወርክ አገልግሎት በሚቆራረጥባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ታብሌቱ መረጃውን ይዞ ቆይቶ ግንኙነት ሲያገኝ ይልካል። በመካከሉ የታየው ባዶ እንደ ዜሮ ከተቆጠረ፣ ሕመም ያለበት ቀበሌ ጤነኛ መስሎ ይታያል።

በጌዴኦ ዞን ልዩ ትኩረት የሚሻው የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ነው። የክትባት ሽፋን የሚሰላው የተከተቡትን ሕፃናት በአካባቢው ይኖራሉ ተብለው ለሚገመቱት ሕፃናት በማካፈል ሲሆን፣ የግምቱ መነሻ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ነው። ለአብነት ያህል፣ 150 ሕፃናት ይገኙበታል ተብሎ የታቀደለት ጤና ኬላ 200 ሕፃናት ቢከትብ ሽፋኑ 133 በመቶ ሆኖ ይታያል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ከቀያቸው ሲፈናቀሉ፣ የመጡበትና የተጠለሉበት ቀበሌ የሕዝብ ቁጥር በቀናት ውስጥ ተለውጧል፤ የዕቅድ ቁጥር ግን በዚያ ፍጥነት አይለወጥም። ማናበቢያው የተቀበለውን ቁጥር በታማኝነት ያደርሳል እንጂ ሰዎች መዛወራቸውን አያውቅም። ያንን ማሳወቅ የሚችሉት ነዋሪውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናቸው። በመሆኑም መኖሪያውን የቀየረ ወይም ለቡና ለቀማ ወቅት ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኘው ጤና ኬላ ቀርቦ ቢመዘገብ፣ ለልጁ የሚያስፈልገው ክትባት በሚቀጥለው ጥያቄ ውስጥ ይካተታል።

ተገልጋዮች ዘወትር የሚያነሱት ጥያቄ የግል መረጃቸው ማን እጅ እንደሚገባ ነው። ወርሃዊው ሪፖርት ወደ መተንተኛው ሥርዓት የሚያስገባው ድምር ቁጥርን እንጂ የሰው ስምን አይደለም። ስም፣ ዕድሜና የሕክምና ታሪክ የሚገኙት አገልግሎቱ በተሰጠበት ተቋም ካርድ ወይም በቤተሰብ ማህደር ውስጥ ሲሆን፣ አያያዛቸውም በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይገዛል። ስለዚህ የክትባት ማስረጃ ወይም የልደት ማሳወቂያ የሚፈልግ ሰው የዞኑ ጤና መምሪያ ከኮምፒውተር አውጥቶ ይሰጠኛል ብሎ መጠበቅ አይኖርበትም፤ መሄድ ያለበት አገልግሎቱን ወዳገኘበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። የልደት ማሳወቂያውን የተቀበሉ ወላጆች ልጁ በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ ወደ ቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ቀርበው ማስመዝገብ አለባቸው። የሆስፒታሉ ሪፖርት መላኩ ይህንን አይተካም።

የስም አጻጻፍም መታሰብ ይኖርበታል። ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የጤና ካርድ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ስለሚሞላ፣ አንድ ሕፃን በሁለት ካርዶች ላይ ሁለት ስም ሊይዝ ይችላል። ወላጆች በእያንዳንዱ ቀጠሮ የቀድሞውን ካርድ ይዘው መቅረብና ስሙ በዚያው አጻጻፍ እንዲሞላ መጠየቅ ይገባቸዋል። ከጤና ኬላ ወደ ዲላ ሪፈር የተጻፈለት ታካሚም የሪፈር ወረቀቱን መያዝ አለበት፤ በታብሌቱ የተመዘገበው መረጃ እስኪተላለፍ ቀናት ሊወስድ ይችላልና።