ሞልዱ የት ቀረ? ከጎታ እስከ አውሮፕላን

በአቀስታ ዙሪያ ገጠር ጎታ የምትሠራ እናት ፋይበር ግላስ የሚባለውን ነገር በስሙ ላታውቀው ትችላለች። ነገሩን ግን ታውቀዋለች። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ብቻውን ቅርጽ አይዝም። ሁለቱ አንድ ላይ ተረግጠው ሲቦኩ ግን የዓመት እህል ተሸክሞ የሚቆም ግድግዳ ይወጣቸዋል። ጭዱ ይጎትታል፣ ጭቃው ያስራል። በአውሮፕላን ሠሪዎች ዘንድ ጭዱ የመስታወት ክር ነው፣ ጭቃው ደግሞ ሬዚን። ሐሳቡ አንድ ነው።

ጎታ ሞልድ የለውም። ሴትዮዋ በዓይኗና በእጇ እየለካች ዙር በዙር ታነሳዋለች፤ የታችኛው ሳይጠነክር ከቸኮለች ይናድባታል። ጎታው ቢሰበርም ጉዳት የለውም። ልጇ ስትሠራ አይታለችና ሌላ ታነሳለች። ሞልዱ ያለው ሰው ውስጥ ነው ማለት ነው። የአገራችን ትልልቅ የእጅ ሥራዎች ታሪክ የጎደለው ይኸው ነው፦ ዕቃው ይተርፋል፣ የተሠራበት መንገድ ይጠፋል።

ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ከአቀስታ ወደ ሰሜን፣ ተንታን አልፎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ሴባስቶፖል ዛሬም ተቀምጧል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ያስቀረጹት ይህ መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። እየተጎተተ፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ ገደል እየወረደና እየወጣ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጅቷል። ስለ ጉተታው ብዙ ተጽፏል፣ ተዚሟል። ስለ ሞልዱ ግን ማን ያወራል? የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ እንዴት ተዘጋጀ፣ እንዴትስ ደረቀ? ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ከጋፋት ሁለተኛ ሴባስቶፖል የሚያወጣ አልተገኘም።

ስልሳ ስምንት ዓመት ቆይቶ ያው ነገር በሰማይ ተደገመ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ በነበረው በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት፣ ኢትዮጵያውያን ተሳትፈውበት፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተሠርታ በረረች። በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተባለች። ጦርነቱ ግን ደጃፍ ላይ ነበር። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አውሮፕላኗ ተማርካ ተወሰደች፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ከሮም ወጣ ብሎ በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ስትታይ ኖረች። የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። የደስታው ምክንያት ግልጽ ነው። ልብ በሉ ግን፣ የተመለሰችው አውሮፕላኗ ናት። የሠሩት እጆች፣ አውደ ጥናቱና ተማሪው በዚያው በ1928 ተበትነዋል።

ሌላው ዓለም በዚያው ዘመን ምን ይሠራ ነበር? የመስታወት ክር በፋብሪካ መፈተል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የሽቱትጋርት ተማሪዎች ፎኒክስ የተባለውን ተንሸራታች አውሮፕላን በመስታወት ክርና በሬዚን ሠርተው አበረሩ። ፋብሪካ አይደሉም፣ ተማሪዎች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ በርት ሩታን ካሊፎርኒያ በረሃ ውስጥ ቫሪ ኢዚ የተባለችውን አበረረ። አሠራሩ የጎታ ሥራ ዘመድ ነው፤ ሞልድ የለውም። ቀላል ፎም በጋለ ሽቦ እንደ ቂቤ ይቆረጣል፣ ላዩ ላይ የመስታወት ጨርቅ በኢፖክሲ ይለበጣል፣ ሲደርቅ ክንፍ ይሆናል። ሩታን ከአውሮፕላኗ ይልቅ በብዛት የሸጠው ንድፉንና የአሠራር መጽሐፉን ነበር። ብዙ ሰዎች በየጋራዣቸው ሠርተው በረሩባት። የሴባስቶፖልና የቫሪ ኢዚ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ስድስት ወር ጎተቱት፣ ሌላው በፖስታ ቤት ሄደ።

ወደ አገራችን እንመለስ። አስመላሽ ዘፈሩ የአብራሪነት ሥልጠና ለመግባት ቁመትህ በ1 ሳንቲ ሜትር ያንሳል ተብሎ የቀረ ወጣት ነበር። ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሠራ። ሞተሩ የቮልስ ሞተር ነው። ስሟ ኬ-570ኤ፤ ኬ የእናቱ የኪሮስ፣ 570 ደግሞ የፈጀበት ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመነሳት ሙከራ አልሰመረም። አንዳንዱ ሳቀ። ሊሳቅ የሚገባው ግን 570 ቀን ሙሉ የሚያማክረው አውደ ጥናት ባለመኖሩ ነው።

ሥራው በደጋ ምን እንደሚመስል ማሰብ ይበቃል። አቀስታና መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ቢያንስ በአምስት አንድ እጅ ይሳሳል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል፣ ክንፉም ለመንሳፈፍ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተሩ ኮፈን፣ የክንፉ ጫፍ፣ የጎማው ሽፋን እያንዳንዱ ግራም የሚቆጠርበት ነው። የቆርቆሮ ኮፈን ቀጥቅጦ እንዲህ ያለ ክብ ቅርጽ ማውጣት የብርቱ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ፋይበር ግላስ ግን ቅርጹን በጨርቅ ይቀበላል። መጀመሪያ በእንጨት ወይም በፎም የኮፈኑ አምሳያ ይሠራል፣ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ይፈተጋል (ስሙ ራሱ መስታወት ይዞ መምጣቱ ደስ ይላል)፣ ደጋግሞ ሰም ይቀባል፤ በላዩ ሞልዱ ይለበጣል፤ ከሞልዱ ውስጥ ደግሞ ኮፈኑ ይወጣል። ሰሙን የቆጠበ ሰው ሞልዱንም ኮፈኑንም ሰብሮ ነው የሚያላቅቀው።

ብርዱ ሌላ ፈተና ነው። ሬዚን በአብዛኛው የሚፈልገው ከ20 ዲግሪ ከፍ ያለ ሙቀት ነው፤ የለጋምቦ ሌሊት ያንን አይሰጥም። አልደርቅ ሲለው ማጠንከሪያ መጨመር የሚያምረው ብዙ ነው። ፖሊስተር ላይ በመጠኑ ይቻላል። ኢፖክሲ ላይ ግን ከተጻፈው ልክ በላይ መጨመር ጉዳት ነው፤ ያልተጣመረው ትርፍ ውስጡ ቀርቶ ቁሱን ያለሰልሰዋል። መፍትሔው ቤቱን ማሞቅ ነው። ደግሞ ፖሊስተር ነጩን ፎም ያቀልጠዋል፤ ይህን ሳያውቅ ያፈሰሰ ሰው ክንፉ ዓይኑ እያየ ይሟሟበታል። ሬዚን ማብዛትም ያከብዳል እንጂ አያጠነክርም፤ ጭቃ የበዛበት ጎታ እንደሚሰነጠቅ ማለት ነው።

እነዚህን ነገሮች እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ ገንዘብና በራሱ ውድቀት ከመጀመሪያው ሊማራቸው አይገባም ነበር። ዛሬ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ስሙን ያገኘው ሴባስቶፖል ከተቀመጠበት አምባ ነው። ፀሐይም አገሯ ገብታለች። የክንፏን ኩርባ፣ የአጥንቶቿን ክፍተት፣ የመጋጠሚያዎቿን ውፍረት ለክቶ ወረቀት ላይ ማስፈር የሚጠይቀው ሜትር፣ ካሊፐርና ጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው።