ጥጃ ሳለ የልጁ፣ ላም ሲሆን የአባቱ

አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አሜሪካ ላለ አንድ ድርጅት ሶፍትዌር እጽፋለሁ። ድርጅቱ ምን እንደሚሸጥ መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር፦ የካውንቲ ፌር የእንስሳት መመዝገቢያ። ካውንቲ ከኛ ወረዳ ወይም ዞን ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ፌሩ ደግሞ በዓመት አንዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ በነሱ ሰመር፣ ማለትም እኛ ጋ ዝናብ በሚወርድበት ሰዓት፣ የሚደረግ ትርኢት ነው። ልጆች ያደለቡትን ሰንጋ፣ አሳማ፣ በግና ፍየል ይዘው ይመጣሉ፤ ዳኛ ያያቸዋል፤ ከዚያ ጨረታ ይወጣል። የኛ ሲስተም ይህን ሁሉ ይመዘግባል።

ዳታቤዙን የከፈትኩ ቀን የእንስሳቱን ቴብል አየሁት። የጆሮ ቁጥር፣ ግዴታ። ዝርያ፣ ግዴታ። የመጀመሪያ ክብደት፣ የመጨረሻ ክብደት። ስም፣ ግዴታ ያልሆነ። ከሁሉም መጨረሻ «ተርሚናል» የሚል፣ አዎ ወይም አይ ብቻ የሚይዝ ኮለም። ተርሚናል ሲባል ለኔ የሚመጣልኝ ወይ አውቶቡስ ተራ ነው፣ ወይ ያ ጥቁር ስክሪን። የቡድን መሪዬን ጠየቅኩት። «ከትርኢቱ በኋላ ወደ ቄራ ይሄዳል ወይስ ወደ ቤት ይመለሳል ማለት ነው» አለኝ። ምዝገባው ሲዘጋ ኮለሙ ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ልጁም፣ እናቱም፣ እኔም አንቀይረውም።

ፌር በሚበዛበት ወር ሰርቨሩን በተራ እንጠብቃለን። እዚያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የሚጀመር ጨረታ እኛ ጋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብዙዎቹ በቀጥታ ስለሚተላለፉ፣ ሰርቨሩ ሰላም ሲሆን ሻዬን ይዤ ማየት ጀመርኩ። እዚያ ነው የተጠመድኩት። አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ከሱ ሦስት እጥፍ የሚከብድ አሳማ እየነዳ አጥሩ ውስጥ ገባ፤ አጫራቹ እንደ ራፕ ዓይነት ነገር በፍጥነት አወረደው፤ «ተሸጠ» ተባለ። ልጁ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ። እኔ ጋ ባለው ስክሪን ላይ አንድ ረድፍ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ይህን ነገር ማን አሰበው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፌሩ ከልጆቹ ይቀድማል። ብዙዎች መነሻው የሚያደርጉት ኤልካና ዋትሰን የሚባለውን ነጋዴና ባንከኛ ነው። ይህ ሰው በ1807 ፒትስፊልድ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሁለት ሜሪኖ በጎች አምጥቶ አደባባይ ላይ ዛፍ ሥር አሰራቸው። ሜሪኖ ሱፉ የተወደደ የስፔን ዝርያ ነው። ሰው ለሁለት በግ ግር ብሎ መጣ። ዋትሰን ነገሩ ገባው፤ በ1810 የከብት ትርኢት አዘጋጀ፤ በ1811 የበርክሻየር የእርሻ ማኅበር ተቋቋመ። ሽልማት፣ ሰልፍ፣ ሙዚቃ፣ ግርግር፦ ገበሬ ስብሰባ ጥራው ላይመጣ ይችላል፤ የጎረቤቱን በሬ ከራሱ በሬ ጋር ለማወዳደር ግን ይመጣል።

ልጆቹ የገቡት ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ የገቡበት ምክንያት ደግሞ አባቶቻቸው ናቸው። ከ1862 ጀምሮ መንግሥት ለየስቴቱ መሬት እየሰጠ የእርሻ ኮሌጆች አስከፍቶ ነበር። ኮሌጆቹ ስለ አፈርና ስለ ዘር ብዙ ያውቃሉ፤ ገበሬው ግን አይሰማቸውም። «የመጽሐፍ እርሻ» እያለ ይስቅባቸዋል። ታዲያ ምን ይደረግ? አባትየውን ተወው፣ ልጁን ያዘው። በጥር 1902 ስፕሪንግፊልድ፣ ኦሃዮ፣ ኤ. ቢ. ግርሃም የሚባል የትምህርት ቤቶች ኃላፊ የገጠር ልጆችን ሰብስቦ ክበብ መሠረተ፤ የተመረጠ የበቆሎ ዘር እየወሰዱ መዝራት፣ አፈር መመርመር ጀመሩ። ደቡቡ ላይ ደግሞ የግብርና ሚኒስቴሩ ሰው ሲማን ናፕ የበቆሎ ክበቦችን አስፋፋ። ለልጁ አንድ ኤከር ስጡት፣ ከአባቱ ማሳ አጠገብ ይሁን፣ እኛ እንዳልነው ይዝራ፤ መኸር ሲደርስ አባትየው በዓይኑ ያያል።

አዩም። በ1910 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ጄሪ ሙር የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ከአንድ ኤከር 228 ቡሽል በላይ በቆሎ አመረተ። በኛ ልክ ከ0.4 ሄክታር 58 ኩንታል ገደማ ነው። የአገሪቱ አማካይ በዚያን ጊዜ ከ30 ቡሽል በታች ነበር። በዘመኑ ዝናው ከቫይራል አያንስም።

ከበቆሎ ወደ እንስሳ መሸጋገሩ ቀላል ነበር፤ የበቆሎ ክበብ ያለበት አገር የአሳማ ክበብ ይወልዳል። እኔን የገረመኝ ግን የአሳማው ሳይሆን የባንኩ ነገር ነው። በ1910ዎቹ የየከተማው ባንክ ለልጁ ዝርያዋ የተጠበቀ ሴት ግልገል የሚገዛበት ብድር ይሰጠዋል፤ ልጁ በራሱ ስም ይፈርማል፤ አሳድጎ፣ አስወልዶ፣ ሸጦ ይከፍላል። አንዳንዱ ጋ ዕዳው በግልገል ይመለስ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ የብድር ውል! ከዚህ ጋር መዝገብ ይሰጠዋል፦ እንስሳው ስንት ተገዛ፣ መኖ ስንት ወጣ፣ መድኃኒት ስንት፣ በቀን ስንት ጨመረ፣ ስንት ተሸጠ፣ ትርፍ ወይስ ኪሳራ። እኔ ዛሬ የምጠብቀው ዳታቤዝ እኮ የዚያ ደብተር የልጅ ልጅ ነው። ኮለሞቹ እንኳን ብዙም አልተለወጡም።

በ1914 ስሚዝ-ሌቨር የሚባለው ሕግ ወጣና ሥራው በመንግሥት በጀት የእርሻ ኮሌጆቹ ኤክስቴንሽን ሆነ፤ ክበቦቹም ፎር ኤች የሚለውን ስም እየያዙ ሄዱ፤ አርማቸው ባለአራት ቅጠል ክሎቨር ነው። አራቱ ኤች በኛ ቋንቋ ራስ፣ ልብ፣ እጅና ጤና ናቸው። ገንዘቡን የትኛው ኮሌጅ ያስተዳድር የሚለውን ግን ሕጉ ለየስቴቱ ምክር ቤት ተወው፤ በደቡብ ያሉት ምክር ቤቶች ለነጮች ኮሌጅ ሰጡት። ጥቁር ልጆችም ነበሩበት፤ ነገር ግን በተለየ ክበብ፣ በተለየ ትርኢት፣ በጥቂት ሠራተኛና በተረፈ ገንዘብ። ይህ የቀጠለው እስከ 1960ዎቹ ነው።

ትልልቆቹ ሻምፒዮኖች ቺካጎ ይሄዱ ነበር፤ ከ1900 ጀምሮ በከተማው የከብት ገበያ ዓለም አቀፍ የሚባል ትርኢት ነበር። የልጆቹን ጉዞ ከሚደጉሙት ውስጥ የባቡር ኩባንያዎችና የሥጋ ፋብሪካዎች ነበሩበት። የሥጋ ፋብሪካ ለምን የገጠር ልጅ ያንሸራሽራል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ወፍራም ሰንጋ የሚፈልገው ማን ሆነና።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ወረቀት ነው። አጥሩ ውስጥ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሰንጋ በሻምፑ ታጥቦ በማድረቂያ ሲነፋ፣ ጸጉሩ ወደ ላይ ሲበጠር አይቼ አላውቅም ነበር። ልጁ በአንድ እጁ አፍሳሩን ይዟል፤ በሌላው ረጅም ዘንግ አለው፤ በዘንጉ ጫፍ የእንስሳውን እግር አንድ በአንድ ያስተካክላል፤ ከዚያ እንዲረጋጋ ሆዱን ያክለታል። በግ ላይ ገመድ የለም። ልጅቷ አገጩን በእጇ ይዛ፣ ጉልበቷን ደረቱ ላይ ደግፋ ትገፋዋለች፤ በጉ መልሶ ሲገፋ ጡንቻው ይወጠራል፣ ዳኛው በዚያን ጊዜ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል። አሳማውማ ጭራሽ አይያዝም፤ በቀጭን ዱላ ጎኑን እየነካኩ መከተል ነው፤ ልጁ ዓይኑን ከዳኛው ላይ አይነቅልም። ውድድሩም ሁለት ነው። በአንዱ የሚዳኘው እንስሳው ነው፦ ወገቡ፣ ታፋው፣ ስቡ። በሌላው የሚዳኘው ልጁ ነው፦ እንዴት ያዘው፣ እንዴት መራው። ሁለተኛውን ኮሳሳ በግ ይዞም ማሸነፍ ይቻላል። ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ጨረታው ደግሞ እውነተኛ ገበያ አይደለም። የከተማው ባንክ፣ የትራክተር ሻጩ፣ የሱፐርማርኬቱ ባለቤት ከሥጋ ዋጋ በላይ ይሰጣሉ፤ ከፊሉ ማስታወቂያ፣ ከፊሉ ስጦታ ነው። ልጆቹ አስቀድመው ለገዢዎች የግብዣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ በኋላ የምስጋና ደብዳቤ ይጽፋሉ። የምስጋናው ደብዳቤ ካልገባ ቼኩን የማይሰጡ ፌሮች አሉ። ለዚያም ኮለም አለን።

ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ ነገር ገባኝ፦ ሽያጩ የፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ትምህርቱ ራሱ እሱ ነው። ብድር፣ መኖ፣ ሚዛን፣ ጨረታ፤ ከዚያ ልጁ እንስሳውን ለቅቆ ደብተሩን ይዘጋል። የነደፉት ሰዎች ገበሬውን ነጋዴ ማድረግ ፈልገው ነበር፤ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው ላይ አያለቅስም። ሆኖም ትምህርቱ እንዲሠራ ልጁ ለወራት በየማለዳው ተነስቶ እንዲያበላው፣ እንዲያጥበው፣ እንዲያለማምደው ያስፈልጋል። በኛ ሙያ ብናገር፣ አንዱ ሞጁል የሚያመርተውን ሌላው ሞጁል እንደ ስህተት ይቆጥረዋል።

በ2022 ካሊፎርኒያ ሻስታ ካውንቲ ይህ ፈነዳ። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሴዳር የምትለውን ፍየል በትርኢቱ አቀረበች፤ በ902 ዶላር ተሸጠ፤ ልጅቷ ግን አልለቅም አለች። እናቷ ፍየሉን ይዛ ወጣች፤ የጎደለውን እከፍላለሁ ብላ ጻፈች። የፌሩ ድርሻ ከ902ቱ 63 ዶላር ገደማ ነበር። አዘጋጆቹ እምቢ አሉ፤ ለአንዷ ከፈቀድን ልጆቹ ሕግ አይከበርም የሚለውን ይማራሉ ነው መልሳቸው። የሸሪፍ ፖሊሶች ደርሶ መልስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው ፍየሉን ካለበት አመጡት፤ ታረደ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2024 የ300,000 ዶላር ስምምነት ተደረሰ። ዜናውን ሳነብ የታየኝ ፖሊሱ አይደለም፤ ያ የተቆለፈ ኮለም ነው። የፌሩ ሰዎች ጨካኝ ናቸው ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም። መቶ ዓመት ሙሉ የተጻፈላቸውን ነው የፈጸሙት።

እኔ የተማርኩት ሐረማያ ነው፤ ምህንድስና። አራት ዓመት ስኖርበት ያላወቅኩት ነገር ግቢው የዚሁ ታሪክ ዘመድ መሆኑን ነው። የኦክላሆማው የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት በ1950 ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ በ1952 የጅማው የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎ የዓለማያ ኮሌጅ። ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን አንድ ላይ የሚለው አሠራር እንዳለ ከኦክላሆማ የመጣ ነው። ለኛ ትውልድ ኤክስቴንሽን ማለት የማታ ትምህርት ነው፤ ቃሉ መጀመሪያ ከኮሌጅ ወደ ገበሬው ጓሮ መውረድ ማለት ነበር።

ለአባቴ ስልክ ደውዬ ይህን ሁሉ አወራሁለት። ሰንጋው በማድረቂያ እንደሚነፋ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «ገንዘቡን ማነው የሚወስደው?» አለኝ።

«ልጁ ነዋ፣ አባባ።»

«እርግጠኛ ነህ? አባትየው አይወስድበትም?»

ጥያቄው የአባቴ ብቻ አይደለም። ጥጃ ሳለ የልጁ፣ ላም ሲሆን የአባቱ የሚለው ወቀሳ በድሮ የአሜሪካ እርሻ ጋዜጦች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ነው፤ ልጆች እርሻውን ጥለው ከተማ የሚገቡት ለዚህ ነው ይሉ ነበር። ክበቦቹ እንስሳው በልጁ ስም ይሁን፣ መዝገቡንም ልጁ ይያዝ ብለው የደረቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያ ደብተር ልጁን እንስሳውን እንዲለቅ ያስተምረዋል፤ መጀመሪያ ግን የሱ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥለታል። ይህን ሁለተኛውን ሳላየው ነበር የቀረሁት።

አባቴ ከብት ጠብቆ ነው ያደገው፤ ይህን አውቃለሁ። አንዲት ጊደር እንደነበረችው ግን ነግሮኝ አያውቅም። ጥጃ ሳለች አያቴ «ይቺ ያንተ ናት» ብለው ሰጥተውት ነበር። ለታላቅ ወንድሙ ሠርግ ተሸጠች። አባቴ የሰማው ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ጋጣው ባዶ ሆኖ ካገኘው በኋላ ነው። ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

«ስም ነበራት?» አልኩት።

«ቦራ» አለ ወዲያው። «ግንባሯ ላይ ነጭ ነበራት።»