ከያፋ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣ የነበረው ምድር ባቡር

የገዳማችን የመቶ ዓመት ታሪክ ሲጻፍ፥ ተሳላሚዎች የመጡበት መንገድ ሊዘነጋ አይገባውም። በቀድሞው ዘመን በባሕር የመጣ ተሳላሚ በያፋ ከመርከብ ወርዶ፥ በእግሩ ወይም በእንስሳ ተጕዞ፥ ብዙውን ጊዜም በራምላ አድሮ፥ የይሁዳን ተራራ ይወጣ ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ዓ.ም. የኢየሩሳሌም ተወላጅ የሆነው ዮሴፍ ናቮን ከኦቶማን መንግሥት የባቡር ፈቃድ አገኘ፤ ገንዘብ ስላጠረው ግን ለአንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ሸጠው። ስፋቱ 1 ሜትር፥ ርዝመቱም 87 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ሐዲድ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1892 ተመረቀ። ይህ ቀን በእኛ አቈጣጠር መስከረም 17 ቀን 1885፥ በዓለ መስቀል ነበረ። በዚያው ዘመን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት፥ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ያስፈጸሙት የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ነበር።

ባቡሩ የቅዱስ ጊዮርጊስ መቃብር ያለባትን ልዳን አልፎ፥ ሶምሶን ደሊላን በወደደበት በሶሬቅ ሸለቆ በኩል እየተጠማዘዘ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የቱርክ ሠራዊት ከያፋ እስከ ልዳ ያለውን ሐዲድ ነቅሎ ለጦር ሥራ አዋለው፤ በ1920 እንግሊዞች ሰፊውን ሐዲድ ዘርግተው ፈጸሙ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የባቲር መንደር ነገር ነው። በ1949 የተኩስ ማቆም ውል ሲደረግ፥ ሐዲዱና ከሐዲዱ ማዶ ያለው እርሻ በእስራኤል ወገን ቀረ። ገበሬዎቹም ማዶ ተሻግረው እንዲያርሱ፥ እነርሱም በባቡሩ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ እንዲጠብቁ ስምምነት ሆነ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ የእርከን እርሻቸውና ምንጫቸው በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

በ1998 አሮጌው የኢየሩሳሌም ጣቢያ ተዘጋ፤ ዛሬ የገበያና የመናፈሻ ስፍራ ነው። በ2005 ባቡሩ እስከ ማልሐ ጣቢያ እንደ ገና ቢመለስም፥ በ2018 ፈጣኑ መሥመር ከተከፈተ በኋላ፥ በ2020 የተራራው ጕዞ ቆመ።

እነሆ፥ ለትርፍ የተዘረጋው ብረት ዝም አለ፤ በጭንቅ ቀን የተሰጠው ቃል ግን እርሻን አቆየ። ባቲር ውሉን በወረቀት ብቻ አልያዘችም፤ በየዓመቱ እያረሰች፥ እርከኑን እየካበች ጠበቀችው እንጂ። በዴር ሡልጣን የቆዩ አባቶቻችንም ይህንኑ ያስተምሩናል፤ ይዞታ የሚጠበቀው በቦታው በመጽናት፥ በሰዓታትና በቅዳሴ ነው። ለሚመጡት ልጆቻችን የምንተወው አደራ ይኸው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።