የለቅሶ ተኩስና የጥይት ዋጋ



በፔዳ ሰፈር የምንኖር ብዙዎቻችን ከገጠር የመጣን ነን። በጎጃምም ሆነ በበጌምድር ጀግና ሲሞት በለቅሶው ላይ ጠመንጃ መተኮስ የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ያን ጊዜ አንዲት ጥይት ስንት ድካም እንደነበረባት ልጆቻችን ስለማያውቁት፣ ያየነውን፣ የሰማነውንና ያነበብነውን በአጭሩ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ጠመንጃ ለጣና ዙሪያ እንግዳ አይደለም። በ1535 ዓ.ም. ከሐይቁ በስተምሥራቅ በወይና ደጋ ጦርነት ኢማም አህመድ የወደቁት በፖርቱጋል ነፍጠኛ ጥይት ነው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በእርሳስ ፈንታ የሞራ ሻማ ቁራጭ በጠመንጃው ከቶ ቢተኩስ ሦስት ጋሻ እንደበሳ በመጽሐፉ ጽፏል። ሻማ ጋሻ ይበሳል ወይ? የበሳው ባሩዱ ነው። የጠመንጃ ኃይል በባሩዱ ዓይነትና መጠን መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ከድኝ፣ ከከሰልና ከነጭ የባሩድ ጨው የሚሠራ ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ በነጋዴ ይመጣል፤ ከሰሉ ለስላሳ እንጨት ይመረጥለታል። ጨዉ በደንብ ካልጠራ እርጥበት እየሳበ ባሩዱን ያበላሸዋል። የራሰ ባሩድ ጌታውን በጦር ሜዳ ያዋርደዋል። ስለዚህ ባሩድ አዋቂ ሰው በአገሩ የተከበረ ነበር።

ቀጥሎ ወጅግራ መጣ። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 ፈረንሳይ የሠራችው ጠመንጃ ነው፤ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ከዘመቱት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር። ጥይቱ የናስ ቀለህ አለው። ታዲያ ያን ቀለህ ማን ይጥለዋል? ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ እርሳስና ባሩድ ተሞልቶ እንደገና ይተኮስ ነበር። ጥይቱ ራሱ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብነት ሠርቷል። እንግዲህ በለቅሶ ላይ አንድ ጥይት የተኮሰ ሰው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ለሟቹ ሰጠ ማለት ነው። የተኩሱ ክብር ይህ ነበር።

ጽዳቱም ሌላ ሥራ ነው። ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸት እርጥበት ይስባል፤ እንደኛ ባለ ሐይቅ ዳር አገር በክረምት አንድ ሌሊት ካደረ አፈሙዙ ይዝጋል። ልጆች ሳለን አባቶቻችን ከተኮሱ በኋላ እራት እንኳ ሳይቀምሱ ውሃ አፍልተው ሲያንቆረቁሩበት፣ በጨርቅ ወልውለው ስብ ሲቀቡት አይተናል። ዘይት ብቻ ለምን እንደማይበቃ ያወቅነው ኋላ ነው። ለካ ጨዉን የሚያሟሟው ውሃ ነው!

ጭስ አልባው ባሩድ ፈረንሳይ አገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ተፈልስፎ ወደኛም ደረሰ። ይህ ከጥቁሩ እጅግ ይበረታል። በድሮው መስፈሪያ ቢሞላ ጠመንጃው ፈንድቶ የተኳሹን ዓይንና ጣት ይወስዳል። «ባሩድና አማች ሳያውቁ አይቀርቡትም» እያሉ ሽማግሌዎች ሲቀልዱ ቁም ነገራቸው ይህ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱ ቀለሁን ተፍቶ ራሱ የሚጎርሰው ጠመንጃ መጣ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት የታጠቀው ስምንት ጎራሹ ኤም ዋን እንዲህ ያለ ነው። በደርግ ዘመንም አሥር ጎራሹ ሲሞኖቭ መጣ። የነዚህ ጽዳት አፈሙዙን መወልወል ብቻ አይደለም፤ ብረቱን ወደ ኋላ የሚገፋው ጭስ የሚያልፍበት ቦታም ጥላሸት ይይዛል። ጥይት ግን በዛ፤ ቀለህ መልቀም ቀረ። አባቶቻችን አንዲቷን አስበው ይተኩሱ የነበረውን፣ እኛ አሥሩን ሳናስብ የምንተኩስ ሆንን።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም። አንድ ለቅሶ ላይ የድንኳኑን ሸራ በስቶ ወጥ ከምትሠራ እናት እግር ሥር ሲወድቅ በዓይናችን አይተናል። እግዜር አተረፋት እንጂ በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ይሆን ነበር። ደግሞም በዚህ ዘመን በባሕር ዳር የተኩስ ድምፅ ሲሰማ ሰው የሚያስበው ለቅሶ ቤት መኖሩን አይደለም። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መሬት ላይ ይተኛሉ። ጠመንጃ መያዝም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በእድራችን ቀብር ላይ ተኩስ ይቅር። ፉከራው፣ ቀረርቶውና ሙሾው ይቆይ፤ ሟቹን የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው። የአባቱ ጠመንጃ በፈቃድ በእጁ ያለም ወልውሎ ያስቀምጠው። ለጥይት የሚወጣው ብር ደግሞ ለሟቹ ልጆች ደብተር ይዋል። አባቶቻችን ለሟች ውድ ነገር ይሰጡ ነበር፤ ዛሬ ውድ የሆነው ጥይት ሳይሆን ሰላም ነው።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም በደግ ያገናኘን።