ቢወድቅስ? ከጓሳ ሣር እስከ ጊቤ ዋሻ

ስለ አደጋ ስሌት ጻፍ ተብዬ በሣር ልጀምር ነው፤ የምህንድስና ጓዶቼ ታገሡኝ። መንዝ ውስጥ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሜዳ በመረጧቸው አለቆች ሲያስጠብቁ ኖረዋል። ሜዳው አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የዝናብ መዝገብ የያዘ፣ ውርጩን ያሰላ ሰው አልነበረም። እነሱ የጠየቁት «ክፉው ዓመት መቼ ይመጣል?» ሳይሆን «ሲመጣ ምን አለን?» ነው። ሥርዓቱን ያፈረሰው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው።

እኛ ግን ተማሪ ሳለን ከውጭ ፋብሪካዎች በመጣ የብልሽት ሠንጠረዥ ነበር የምናሰላው። የሞተርና የትራንስፎርመር መደበኛ አቅም የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው! አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ይከብዳል፤ ሠንጠረዡ ይህን አይነግርህም።

«እስካሁን አልወደቀም» የሚባለውም ማስረጃ ያታልላል። 30 ጊዜ ተሞክሮ አንዴም ያልወደቀ ነገር የመውደቅ ዕድሉ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ስንናገር፣ እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ 3ን ለ30 ማካፈል ነው። የቻሌንጀር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1986 ከመፈንዳቷ በፊት የአሜሪካ መንኮራኩሮች 24 ጊዜ በረው ነበር። አለቆቹ አደጋው ከ100,000 አንድ ነው ሲሉ፣ መሐንዲሶቹ ከ100 አንድ ይሉ ነበር። ከ24 በረራ 100,000 ከየት ይመጣል?

ወደ አገራችን ስመለስ ግልገል ጊቤ ሁለት አለ። 420 ሜጋ ዋቱ በሙሉ የተንጠለጠለው 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም አንድ ዋሻ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ርዝመት አገራችን ውስጥ ቀድሞ አልተሞከረም፤ ከተራራው ሥር ያለውን ዐለት ሁሉ በናሙና ማየትም አይቻልም። በ1999 ዓ.ም. ጭቃ በግፊት ወጥቶ የመቆፈሪያውን ማሽን ወደ ኋላ ገፋው። ለእኔ ያ አንድ ክስተት ከብዙ ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ተራራው ራሱ የሰጠው መረጃ ነውና።

ጣቢያው በጥር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 15 ሜትር ያህል የዋሻው ክፍል ተደረመሰ። ከ26,000 ሜትር 15 ሜትር ምንድነው? ነገር ግን ለውሃው ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ እናም ጣቢያው እንዳለ ዝም አለ። ኃይል መስጠት የጀመረው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ነው።