የስኳር መለኪያዋ ከየት መጣች?

ጣታችንን ወግተን አንዲት ጠብታ ደም የምናስነካት የስኳር መለኪያ መነሻዋ ስኳር ሳይሆን ኦክስጅን ነበር። አሜሪካዊው ሌላንድ ክላርክ ለደም ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ ሠርቶ ጥናቱን ለመጽሔት ሲልክ፣ ደሙ ውስጥ የገባውን ኦክስጅን አልለካህም ተብሎ ተመለሰበት። እውነት ለመናገር ትችቱ ልክ ነበር። እሱም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፕላቲነም ኤሌክትሮድ በስስ ፕላስቲክ ሸፍኖ መለኪያውን ራሱ ሠራው።

በ1962 ከሊዮንስ ጋር ሆኖ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ጨመረበት። ኢንዛይሙ ስኳሩን ሲለውጥ ኦክስጅን ይጠቀማል፤ ኦክስጅኑ ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ፍሰቱም ይቀንሳል። የስኳሩ መጠን የሚታወቀው ከዚህ ነው።

እስክሪብቶ የምታክለው የቤት መለኪያ በ1987 ስትመጣ ግን ኦክስጅን መለካቱ ቀርቶ ነበር፤ ኤሌክትሮኑን የሚያመላልሰው ፌሮሲን የተባለ የብረት ውህድ ሆነ።