የስላቅ ሥዕልና የባሪያ ንግድ፤ ከፋና የ1928 ዓ.ም. ፖስት ካርድ

የታተመ የስላቅ ሥዕል ኃይሉ ብዙ ቃል አለመሻቱ ነው፤ ፊደል ያልቈጠረም ያነበዋል። ነገር ግን በማን ላይ እንደሚስቅ ሳይመረመር የማኅበራዊ ሂስ መሣሪያ ነው ማለት አይቻልም። ለዚህም የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ምሳሌ ይሆነናል።

ኢጣሊያ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ ኢትዮጵያን በባሪያ ንግድ ወነጀለች። ክሱ ከባዶ የተነሣ አልነበረም። የከፋ የንግድ ማዕከል ከነበረችው ከቦንጋ ከቡናና ከዝባድ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ዘምተው ከፋን ካስገበሩ በኋላም አገሩ በባሪያ ፍንገላ ብዙ ሕዝብ አጥቷል። ስለ ባሪያ በ1916 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ንግዱን ወዲያው አላቆመውም።

ይሁን እንጂ በወረራው ጊዜ ለዘማቹ ጦር የታተሙትን የኤንሪኮ ዴ ሴታን ባለቀለም ፖስት ካርዶች እንመልከት። በአንደኛው ላይ ወታደሩ ኢትዮጵያዊት ሴት እንደ ዕቃ ጠቅልሎ ፖስታ ቤት ቀርቧል፤ ለወዳጁ የምትላክ ማስታወሻ ናት። ባሪያ ነጻ ላወጣ መጣሁ ያለውን ወራሪ የገዛ ሥዕሉ መሰከረበት።

ስለዚህ የስላቅ ሥዕል ሂስ የሚሆነው በኃይለኛው ላይ ሲያነጣጥር ነው። የተበደለው ሰው በክሱ ማስረጃ፣ በካርዱ መሳቂያ ሆነ፤ የራሱ ድምፅ ግን በሁለቱም አይሰማም። የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን ጨርሶ የሻረው ጠላት ከተባረረ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው።